ሁለት ዓመት ተኩል ያልነካናቸው ፓኬጆች

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ሶፍትዌራችንን ከሚጠቀሙ የቁጠባና ብድር ማኅበራት የአንዱ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ ሲስተሙ ዛሬ መስከረም 1 ነው ይለኛል። እኔ ገና ዶሮዬንም አልገዛሁ፤ ማናችን ነን የተሳሳትነው?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ የመክፈያ ጊዜ የነበራቸው 23 አባላት ሌሊቱን የመዘግየት ቅጣት ተጥሎባቸው አድሯል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ የፕሮጀክቱን ፓኬጆች (ሌሎች ጽፈው ያጋሯቸውን፣ ሥራችን የቆመባቸውን የኮድ ክፍሎች) በሙሉ በአንድ ጊዜ አፕዴት አድርጌ ዲፕሎይ ያደረግሁት (ሰርቨሩ ላይ ያወጣሁት) እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ በትንሽ ቡድን፣ በተጣበበ ጊዜና በሚቆራረጥ ኢንተርኔት ለሚሠሩ ነው። እኛ ያኔ አራት ነበርን። ሰርቨሩ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው)፣ የፊት ገጹ በሪአክት፣ ዳታቤዙ በፖስትግሬስ የተሠራ ነው። ሥራውን የጀመርነው በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ በኖድ 14 ነው። በቀጥታ የምንጠቀማቸው ፓኬጆች 48 ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ የየራሳቸውን ይጎትታሉና ሲወርዱ ከ1,200 በላይ ይሆናሉ። ሥራ ከጀመርን በኋላ አንዳቸውንም አልነካንም። ሥራ አስኪያጃችን ነገሩ በተነሳ ቁጥር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይለናል፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለአዲስ ነገር እንጂ ለማይታይ ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ምክንያት ስላገኘን ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ ሰርቨሩን የተከራየንበት ድርጅት ኖድ 14ን እስከ መስከረም መጨረሻ እንደሚያነሳ ጻፈልን። አይፈረድበትም፤ የኖድ 14 ድጋፍ በሚያዝያ 2015 አብቅቷል። ቢያንስ ወደ 18 መሄድ ነበረብን። «ኤንፒኤም-ቼክ-አፕዴትስ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም ፓኬጅ ቁጥር ወደ መጨረሻው ቨርዥን ይለውጣል። ያን አስኬድኩ። ኤንፒኤም (ፓኬጆችን የሚያወርደውና የሚጭነው መሣሪያ) ፓኬጆቹ እርስ በርስ አልተስማሙም ብሎ በቀይ ጮኸብኝ። እኔም «ፎርስ» ብዬ አለፍኩት። ገጾቹን ከፋፈትኩ፣ የተሰበረውን ጠጋገንኩ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «አፕዴት» በሚል አንድ ቃል ኮሚት አድርጌ (ለውጡን በጊት፣ በኮዱ የታሪክ መዝገብ፣ አስፍሬ) ተኛሁ። 48 ፓኬጅ፣ አንድ ኮሚት። እሑድ ጳጉሜ 5 ሁሉም ደህና ዋለ።

ሰኞ መጀመሪያ ያሰብነው ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ያሳፈረን እሱ ነው። የድሮውን ኮሚት አውጥተን ስንጭን የድሮው ሲስተም አልተመለሰም። «ፓኬጅ-ሎክ» የሚባለውን፣ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበውን ፋይል ከመጀመሪያው ጀምሮ በጊትኢግኖር (ጊት እንዳይመዘግባቸው በሚነገሩ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገብተነው ነበር፤ ብራንች (ለየብቻ የሚሠራበት የኮዱ ቅጂ) በተዋሐደ ቁጥር ግጭት እየፈጠረ አስቸገረን ብለን። ያለ ሎክ ፋይል ደግሞ በፓኬጅ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ትክክለኛ ቨርዥን አይደለም፤ ክልል ነው። ከቁጥሩ ፊት ያለችው ኮፍያ «^» ትርጉሟ «ሜጀሩ (የመጀመሪያው ቁጥር) አይለወጥ እንጂ ከዚህ ወደ ላይ ያለው ሁሉ ይሁን» ነው። ስለዚህ የ2013ቱን ኮሚት በ2015 ስትጭኑት የምታገኙት የ2015 ፓኬጆችን ነው። የእነዚያ ፓኬጆች ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ከኖድ 14 ጋር መሥራት ያቆሙ ነበሩ። የተመለስንበት ኮድ ጭራሽ አልነሳም።

ያዳነን አንድ የሥራ ባልደረባችን ነው። ለበዓል ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ ከወራት በፊት የተፈጠረው ሎክ ፋይል ሳይነካ ተቀምጧል። እኔ ጋ የነበረው ቅዳሜ ማታ በአዲሱ ተተክቷል። ከአንድ ሜጋባይት ያነሰች ፋይል በቴሌግራም ላከልን፣ በእሷ ጫንን፣ ከምሳ በኋላ የድሮው ሲስተም ተነሳ። ቅጣቱን በእጅ ሰረዝን። እትዬም ዶሮ ሊገዙ ወጡ።

ለዚህ ነው ማንም ስለ ማዘመን ሲጠይቀኝ ቅድሚያ ስለ መመለሻው የማወራው። ሎክ ፋይሉ ጊት ውስጥ ይግባ። ሰርቨር ላይና ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) በሚካሄድበት ቦታ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ተጠቀሙ፤ እሱ የነበረውን ማኅደር አጥፍቶ በሎኩ ላይ የተጻፈውን ብቻ፣ ቁጥር ሳያዛንፍ ይጭናል፤ ሎኩና ዝርዝሩ ካልተስማሙ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ይቆማል። በፓይተን የምትሠሩም ያው ነው፤ በሪኳየርመንትስ ፋይል ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ ቁጥሩን መተው እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ነው። ማዘመን ያስፈራን የነበረው ፓኬጆቹ ክፉ ስለሆኑ አልነበረም፤ ብንሳሳት የምንመለስበት መንገድ ስላልነበረን ነው።

አሁን ወደ ጠፋችው ጳጉሜ 6። ቀን የሚለውጥልን አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ካላንደር ፓኬጅ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም፣ የሠራት ሰው በነፃ ነው የሰጠን። በአዲሱ ሜጀር ቨርዥኗ ኮዱ እንደ አዲስ ተጽፎ ነበር፤ አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል ብሎ ያስባል። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ የቄስ ተማሪ እንኳ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 እንደምትሆንና እንቁጣጣሽ በአንድ ቀን እንደምትገፋ ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከቀረ ጳጉሜ 6 ናት፤ 2011 ነበረች፣ 2015 ነበረች። ፕሮጀክታችን የተወለደው በ2013 ስለሆነ ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። ባንይዘው ኖሮ ለወራት በየቀኑ በአንድ ቀን ስንሳሳት እንከርም ነበር። (የኖድ 16 ድጋፍ ያበቃውም በዚያችው ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው። ለእኛ ለውጥ ባያመጣም ስሰማው ሳቄ መጣ።)

ይህን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን። 48 ነገር በአንድ ኮሚት ስለተለወጠ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። ለየብቻ ቢሆኑ ኖሮ ኮሚቶቹን እየከፈለ ጥፋተኛውን የሚፈልገው «ጊት ባይሴክት» በአሥር ደቂቃ ያወጣልን ነበር።

ከበዓሉ በኋላ እንደገና ጀመርን። ሰርቨር ያከራየን ድርጅት ለምነነው የሁለት ወር ጊዜ ሰጠን።

መጀመሪያ ያደረግነው ማዘመን ሳይሆን መጣል ነው። «ዴፕቼክ» የሚባለው መሣሪያ ኮዳችን ውስጥ የትም የማይጠሩ 9 ፓኬጆች አገኘልን፤ አንዱ ለሙከራ ያስገባነው፣ ሌላው ከሌላ ፕሮጀክት ሲገለበጥ አብሮ የመጣ። (ዴፕቼክ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ በኮንፊግ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚጠሩትን አያይም፤ እያጣራችሁ ነው።) ከዚያ በሞት አፋፍ ያሉትን ለየን። ሌሎች ሰርቨሮችን በኤችቲቲፒ (በድር መገናኛው ሥርዓት) የምንጠራበት «ሪኩዌስት» ከ2020 ጀምሮ ባለቤቶቹ አቁመነዋል ያሉት ነው፤ ኖድ 18 ራሱ ያንኑ የሚሠራ «ፌች» ስላለው ጣልነው። የገጾቹን መልክ የምናዘጋጅበት «ኖድ-ሳስ» የኖድ ቨርዥን በተለወጠ ቁጥር በሲ ፕላስ ፕላስ እየተጠናቀረ ሲያስለቅሰን ኖሯል፤ «ሳስ» በሚባለው ተካነው፣ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

የካላንደሯንም ፓኬጅ አወጣናት። ሲገርመኝ የኖረው ይህ ነው፦ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው «ኢንትል» ቋንቋውን አማርኛ፣ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ካላችሁት ቀኑን ራሱ ያወጣላችኋል፣ የወሩን ስም ጨምሮ። ኖድ ደግሞ ከ13 ጀምሮ የቋንቋዎችን መረጃ ሙሉውን ይዞ ነው የሚመጣው። ማለት በኖድ 14 ስንጀምርም እጃችን ላይ ነበር። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኢንትል ከፈረንጁ ወደ እኛ ያሳያል እንጂ ተጠቃሚው የጻፈውን የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ አይመልስም፤ ያንን ራሳችን በ40 መስመር ጻፍነው፣ በ1,461 ቀን የአራት ዓመት ዑደት ላይ የቆመ ቀላል ሒሳብ ነው። ሁለተኛ፣ የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብላችሁ በግልጽ ስጡት። ሰርቨራችሁ አሜሪካ ከሆነና ይህን ከረሳችሁ፣ ያለ ሰዓት የተጻፈ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቴስቱ ላይ የምናስቀምጣቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው፦ ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ጳጉሜ 6፣ 2015 ነው፤ በማግሥቱ መስከረም 1፣ 2016፤ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ደግሞ መስከረም 1፣ 2017።

ስለ ቴስት ካነሳሁ አይቀር፦ እኛ ለሁሉም ነገር ቴስት የመጻፍ አቅም አልነበረንም፣ አሁንም የለንም። ገንዘብ የሚነካውን ብቻ ጻፍን፦ ወለድ፣ ቅጣት፣ ቀን፣ ደረሰኝ። 31 ቴስት። ፓኬጅ ለማዘመን ከዚህ በላይ ድፍረት የሰጠኝ የለም።

ቀጥሎ «ኤንፒኤም አውትዴትድ»። ሦስት ቁጥር ያሳያል፦ አሁን ያላችሁ፣ ክልላችሁ የሚፈቅደው የመጨረሻው፣ ጭራሽ የመጨረሻው። በቀይ የሚወጣው ክልላችሁ የሚፈቅደው ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ የቀራችሁበት ነው፤ በቢጫ የሚወጣው ክልሉን አልፎ የሄደ፣ ብዙውን ጊዜ ሜጀር የተለወጠበት ነው። ብዙ ሰው ቀይ አደገኛ፣ ቢጫ ቀላል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቀዮቹን በአንድ ቀን በአንድ ላይ አነሳናቸው፤ ቴስቱ አለፈ፣ ኮሚት። ቁጥራቸው በዜሮ የሚጀምሩትን ግን ከቀዮቹም ነጥላችሁ እዩ፤ እዚያ የመሐሉ ቁጥር ሲለወጥ እንደ ሜጀር ነው የሚቆጠረው፣ ኮፍያዋም አትሻገረውም።

ቢጫዎቹ አንድ በአንድ። ለእያንዳንዱ አንድ ብራንች፣ ቼንጅሎጉን (የለውጦቹን ዝርዝር) ከፍቶ «ብሬኪንግ» (የድሮውን ኮድ የሚሰብር) የሚለውን ማንበብ፣ በኮዳችን ውስጥ የሚነካውን ቦታ መፈለግ። አሰልቺ ነው፤ ሻይ ያስፈልጋል። አንዱን ልንገራችሁ፤ ቀን የምናቀርጽበት «ዴት-ኤፍኤንኤስ» ከ1 ወደ 2 ሲሄድ ዓመትን በትልቁ ዋይ፣ ቀንን በትልቁ ዲ መጻፍ ቀረ፤ አሁን በትንንሾቹ ነው። በአዲሱ ትልቁ ዋይ የሳምንት ቁጥር የሚቆጠርበት ዓመት፣ ሁለት ትልልቅ ዲ ደግሞ የዓመቱ ስንተኛ ቀን ማለት ናቸው። ደግነቱ ላይብረሪው ራሱ ስህተት ብሎ ይጥልላችኋል። ቀንን በጽሑፍ መልክ በቀጥታ መስጠትም ተከለከለ፤ መጀመሪያ «ፓርስ-አይኤስኦ» ውስጥ ማለፍ አለበት። ቅዳሜ ማታ የጠጋገንኩት ግማሹ ይህ ነበር፤ ቼንጅሎጉን ባነብ ኖሮ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ አገኘው ነበር፤ እኔ ግን ስክሪን እያየሁ በግምት ነው የሄድኩት።

ከሁሉ የከበደው የፊት ገጹ ግንባታ ነው። የገጹን ኮድ የሚያጠቃልለው ዌብፓክ 4 በኖድ 18 ላይ ሲነሳ ስለ ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) የማይገባ ስህተት ይሰጣል፤ ከኖድ 17 ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ስለገባና የድሮው ዌብፓክ የሚጠቀመውን አሮጌ ስሌት ስለማይቀበል ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሰው «ሌጋሲ ፕሮቫይደር» የሚል ማለፊያ ይጠቁማችኋል። ለአንድ ሳምንት ተጠቀሙበት፤ ለዓመት ግን አይሁን። እኛ ወደ ዌብፓክ 5 ሄድን፣ በኋላም የሪአክት ፕሮጀክት የሚዘጋጅበት ክሪዬት ሪአክት አፕ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መቆሙ ሲነገር ወደ ቪት (ሌላ የግንባታ መሣሪያ)።

ኖድን ራሱን ያነሳነው በመጨረሻ ነው። በሌላ ፕሮጀክት ወደ 20 ስንሄድ ያጋጠመን ደግሞ የሚያስቅ ነው፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰዓት ላይ ከኤኤምና ፒኤም በፊት ያለችው ክፍተት ወደ ሌላ ዓይነት፣ ጠባብ ክፍተት ተለውጣ ቴስት ጣለች። ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም። ሁለት ሰዓት አፍጥጠን አየነው።

አሁን ሥርዓታችን ቀላል ነው። ዲፔንዳቦት (አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ለውጡን ራሱ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ መሣሪያ) በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ፓችና ማይነሩን (የመጨረሻውና የመሐሉ ቁጥር የተለወጠባቸውን) ሰብስቦ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ኮዱ ውስጥ ይግባ የሚል ጥያቄ)፣ ሜጀሩን ለየብቻ። መጀመሪያ በየቀኑ አድርገነው ነበር፤ በሁለት ሳምንት ሁላችንም ማየት አቆምን። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰው አንድ ሰዓት ይቀመጥበታል፣ በተራ። ዓርብ አይነካም፣ የበዓል ዋዜማ ከቶ አይነካም። ስለ ኢንተርኔቱ ደግሞ፦ ቢሮ ውስጥ ባለች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ «ቨርዳቺዮ» ጭነናል፤ አንዴ የወረደ ፓኬጅ እዚያ ይቀራል፣ ሁለተኛው ሰው ከውጭ አያወርድም። መብራት በመሐል ሲጠፋ የምንጀምረው ከዜሮ አይደለም፤ ዳታም ይቆጥባል።

አንድ ነገር ግን ከልምዳችን በኋላ ለውጠናል፤ አዲስ የወጣ ቨርዥን ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞላው አናስገባም። ጳጉሜ 3 ቀን 2017 (ሴፕቴምበር 8፣ 2025) «ቾክ»ንና «ዲበግ»ን ጨምሮ 18 ታዋቂ የኤንፒኤም ፓኬጆች ተመርዘው ወጡ። የፓኬጆቹ ባለቤት ከኤንፒኤም የመጣ በሚመስል የውሸት ኢሜይል ተታሎ ነው። ኮዱ ብራውዘር ውስጥ ገብቶ የክሪፕቶ ገንዘብ መላኪያ አድራሻ ይለውጥ ነበር። የተመረዘው የቆየው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት የጫነ ግን ጭኗል። በዚያው ወር «ሻይ-ሁሉድ» የተባለው ራሱን የሚያባዛ ጎጂ ኮድ ተከተለ። ዲፔንዳቦት «ኩልዳውን»፣ የእሱ አቻ የሆነው ሪኖቬትና የኤንፒኤም አቻ የሆነው ፒኤንፒኤም ደግሞ ዝቅተኛ የመቆያ ዕድሜ የሚወሰንበት ቅንብር አላቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ዛሬውኑ አድርጉት።

ይህ ለደኅንነት ጥገና አይሠራም። በዲሴምበር 2021 የሎግ4ጄ (የጃቫ ላይብረሪ) ቀዳዳ ሲገለጥ ሳምንት የጠበቀ ሰው በእሳት ተጫውቷል። የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዘው የአሜሪካው ኢኩዊፋክስም የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ የተዘረፈበት ጥገናው በማርች 2017 ወጥቶ ሳለ የአፓቼ ስትረትስ ላይብረሪውን ባለማደሱ ነው፤ ሌቦቹ መረጃውን መዝረፍ የጀመሩት በሜይ ነው። ስለዚህ ተራው አፕዴት ይቆያል፣ የደኅንነቱ በዕለቱ ይታያል። «ይታያል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎችን የሚዘረዝረው «ኤንፒኤም ኦዲት» ሲያስደነግጣችሁ መጀመሪያ ለግንባታ ብቻ የሚያገለግሉትን አስወጥታችሁ እዩት፤ የእኛ 60 ማስጠንቀቂያ ወደ 4 ወርዷል። «ኦዲት ፊክስ ፎርስ» የሚለውን ግን አትንኩ፤ ሳይጠይቃችሁ ሜጀር ይዘላል፣ አንዳንዴም ፓኬጁን ጭራሽ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቅዳሜ ማታዬን በሌላ ስም ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁን ያሳመነው ንግግር አልነበረም። ያን ሰኞ አራታችንም ምን ስንሠራ እንደዋልን በሰዓት ጽፌ ሰጠሁት፣ ከጎኑ የረቡዕን አንድ ሰዓት በዓመት አባዝቼ። አይቶ ዝም አለ፤ ረቡዑን ግን አልነካብንም።

አሁን የቀረን ኤክስፕረስ (ሰርቨሩ ላይ የሚመጡትን ጥያቄዎች የሚያስተናግደው ፓኬጅ) ነው፤ ከ4 ወደ 5። በአምስተኛው «የተረፈው አድራሻ ሁሉ» የሚያዝባት ኮከብ ምልክት «*» ብቻዋን አትሠራም፣ ስም ይፈለጋል፤ እኛ ጋ ሦስት ቦታ አለች። ፑል ሪኩዌስቱ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የፊታችን ረቡዕ ተራው የእኔ ነው።